ወይዘሮ ስመኝ እና የታሸገው ምስር

በመንገዳችን ላይ ወይዘሮ ስመኝን የሚወድ ሰው አላውቅም። እሳቸውም ይህን ያህል የሚወዱት ሰው የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ባለው የገብረየስ ሱቅ በር ላይ ባለጎማ ቦርሳቸው ሲንገጫገጭ የሰማ ሰው፣ ወይ የጀመረውን ግዢ ትቶ ይወጣል ወይ ጠቡን ሊያይ ይቀመጣል። እኔ ከሚቀመጡት ነኝ። ከመስኮቱ ሥር ጥቂት ወንበሮች አሉ፤ ጡረታ የወጣን ሰዎች ሻይ ይዘን በዓለም ላይ ያለንን ቅሬታ የምናመነዥከው እዚያ ነው።

ወይዘሮ ስመኝ የሚኖሩት ከሱቁ አለፍ ብሎ ባለው ፎቅ ከልጃቸው ከብሩክታይት ጋር ነው። ብሩክታይት ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ ሳይነጋ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። እናቷ መኪና አይነዱም። የአውቶቡሱን ቁጥር ማንበብ ይችላሉ፣ ነገር ግን ወዴት እንደሚወስዳቸው አያምኑትም። በእግራቸው ደርሰው፣ በአፋቸው ተናግረው፣ በእጃቸው ነክተው የሚገዙበት ቤት የገብረየስ ሱቅ ብቻ ነው። ማዶ ትልቅ ሱፐርማርኬት አለ። አንድ ጊዜ ገብተው፣ ደንበኛ ራሱ የሚከፍልበት ማሽን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር እየደጋገመ ሲጮህባቸው ዕቃውን እዚያው ጥለው ወጡ።

"ምን ሆኑ?" አልናቸው።

"ይናገራል እንጂ አይሰማም። ከማይሰማ ጋር ተጣልቼ አላውቅም" አሉ።

ሳቅን። አሁን ሳስበው ቀልድ አልነበረም።

ገብረየስ ሱቁን ሲከፍት ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ኮረሪማውን በየጆንያው ደርድሮ በሚዛን ይሸጥ ነበር። ሚዛኑ ልክ ሲመጣ ሌላው ሰው ከረጢቱን አንስቶ ይሄዳል። ወይዘሮ ስመኝ ግን አያነሱም፤ ቆመው ይጠብቃሉ። ገብረየስም የሚጠብቁትን ያውቃል። እየተነጫነጨ እጁን ጆንያው ውስጥ ይሰድና አንድ እፍኝ ምራቂ ይጨምርላቸዋል።

"ይቺ ናት?"

"ሱቁን ልጨምርልዎት እማማ?"

"ሱቅህ ምን ያደርግልኛል። አይጥ አለው።"

አይጥ አልነበረም። ገብረየስ ግን ይህን በሰማ ቁጥር ጆሮው ድረስ ይቀላና ግማሽ እፍኝ ይደግማል፤ ከደግነት ሳይሆን አፋቸውን ለማዘጋት። እንዲህ እየተነካከሱ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ገብረየስ ማሸጊያ ማሽን ገዛ። ጆንያዎቹ ጠፉ። ሁሉ ነገር በላስቲክ ታሽጎ፣ ክብደቱ ተጽፎበት፣ መደርደሪያ ላይ ቆመ። ሰው ወደደው። ያነሳል፣ ይከፍላል፣ ይወጣል፤ ከገብረየስ ጋር ዓይን ለዓይን እንኳ ላይተያይ ይችላል። ዘመኑ ሰውን ከሰው ማዳን የሚለው ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ወይዘሮ ስመኝ የታሸገ ምስር ገዝተው ከፈሉና ቆሙ።

"ምራቂዬስ?"

"ታሽጓል እኮ እማማ። የቱ ጋ ልጨምረው?"

"ቅደደው።"

"ልቅደደው?"

"ቅደደውና ጨምር። እጅ የለህም?"

"እዚህ አገር እንዲህ የሚባል ነገር የለም።"

"አንተ አገር ነህ? አንተ ገብረየስ ነህ።"

ምንም ሳያገኙ ወጡ። በማግሥቱ መጡ፤ ምንም ሳያገኙ ወጡ። ከዚያ ወዲያ ገዝተው ሲጨርሱ ወደ ቤት መሄድ ትተው በሩ ላይ ይቆሙ ጀመር። የሚገባውን ሁሉ "ምራቂ ጠይቁት፣ አትፍሩት" ይሉታል። ነርሷ ቤርሳቤህ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ስትሮጥ ገባች።

"ምራቂ ጠይቂው አንቺ።"

"ማዘር ተዉኝ፣ ቸኩያለሁ፣ መኪናዬን ያለቦታው ነው ያቆምኩት።"

"ስትቸኩሉ ነው የሚበላችሁ።"

ቤርሳቤህ ተዉኝ አለች እንጂ ሌሎች ግን፣ አንዳንዱ ለቀልድ አንዳንዱ ከልቡ፣ መጠየቅ ጀመሩ። ገብረየስ ጥርሱን ነክሶ ሰነበተ። አንድ ሐሙስ፣ ሱቁ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ወይዘሮ ስመኝ የምስራቸውን ከፈሉና ሳይታሸግ ከቀረው አትክልት አንድ እፍኝ ቃሪያ አንስተው፣ ገብረየስን ፊት ለፊት እያዩ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ጨመሩ።

"ይመልሱ።"

"ምራቂዬ ነው።"

"ስርቆት ነው። ካሜራ አለ።"

"እንዲያይ ብዬ ነዋ ዞሬለት ያነሳሁት።"

ገብረየስ ከባንኮኒው ዞሮ ወጣ፤ ቦርሳውን ነጥቆ ገለበጠው። ቃሪያው እየተንከባለለ እግራችን ሥር ድረስ መጣ። ጎንበስ ብሎ ያነሳ የለም።

"ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሱቅ እግርሽ እንዳይረግጥ" አለ። አንቱታውም ከቃሪያው ጋር አብሮ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ይህ አልበቃው ብሎ ፎቷቸውን ከካሜራው አውጥቶ፣ በትልቁ አሳትሞ፣ ሒሳብ መቀበያው አጠገብ ለጠፈው። በዚህ አገር ሱቆች የሌባ ፎቶ የሚለጥፉበት ቦታ ነው። ፎቶው ላይ አፋቸው ተከፍቷል። የተማረ የምባል ሰው ከዚያ ፎቶ ፊት ቆሜ ሻይ ከፍዬ ነበር፤ ማንም እንደሚያደርገው።

እንግዲህ ወይዘሮ ስመኝ በእግራቸው የሚደርሱበት ቤት አጡ። ምስር ሲያልቅ ብሩክታይት ሥራ ላይ እያለች ኮል ያደርጉላታል። አለቃዋ በስልኩ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተቆጣት። ድፍን ምስር ሲሏት ክክ ይዛ ትመጣለች፣ ክክ ሲሏት ባቄላ። "ያገኘሁትን ነው እማዬ፣ ደክሞኛል" ትላለች። ዕድሜ ልካቸውን ጣታቸው መካከል እያሹ የመረጡ ሰው፣ ሌላ ሰው የመረጠላቸውን ወደ መቀቀል ወረዱ። እርጅና የሚባለው ነገር ከጉልበት የሚጀምር ይመስለን ነበር። አይደለም፤ ምስርህን ሌላ ሰው ሲመርጥልህ ይጀምራል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብሩክታይት አሌክሳንድሪያ ወደሚገኝ ትልቅ የሐበሻ ሱቅ ወሰደቻቸው። የሆነውን በኋላ እሷው ነገረችን። ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ ቲና ትባላለች። ወይዘሮ ስመኝ ከፈሉና እንደልማዳቸው ቆሙ።

"ምራቂዬስ?"

ቲና ፈገግ አለች። "ውይ ማዘር፣ የኔ ቆንጆ። ይሄን ይውሰዱ" ብላ አንድ ሙሉ ከረጢት ሽሮ ቦርሳቸው ውስጥ ከተተች።

ወይዘሮ ስመኝ ሽሮውን አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

"ለምኜሻለሁ?"

መኪና ውስጥ ብሩክታይት ተናደደች። "የጠየቅሽውን ሰጠችሽ እኮ። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?"

"ስሜን ታውቃለች? ነገ ብመጣ ታስታውሰኛለች? ለድመት እንደሚወረወር ነው የወረወረችልኝ።"

ይህን ስንሰማ ቢራቱ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ቢራቱ ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ በእረፍት ሰዓቱ ከእኛ ጋር ይቀመጣል። የወሊሶ ልጅ ነው፤ ወይዘሮ ስመኝም ወሊሶ ገበያ ላይ ቅመም ይሸጡ ነበር።

"እናቴ በርበሬ የምትገዛው ከሳቸው ነበር" አለ። "እንደ እሳቸው ቆንቋና ነጋዴ በከተማው አልነበረም። አንዲት ቁንጥር ምራቂ ለማስጨመር ሰው ግማሽ ቀን ይሟገታቸዋል። እናቴ ያሸነፈች ቀን ቤታችን በዓል ነበር። ለሰፈሩ ሁሉ ታወራዋለች።"

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ብዙ አሰብኩበት። ሴትየዋ የድሮ ደግነት ናፍቋቸው የሚጣሉ መስሎኝ ነበር። ደግነትማ አሌክሳንድሪያ ላይ በሙሉ ከረጢት ቀርቦላቸው ትተውት መጡ። ዋጋ ነገርን ይዘጋል፤ ከከፈልክ በኋላ ማንም የማንም አይደለም። ምራቂ የሚመዘዘው ግን ነገ ተመልሰህ እንደምትመጣ ከሚያውቅ፣ ነገም ከሚጠብቅህ ሰው ጋር ተጣልተህ ነው። ወይዘሮ ስመኝ በዚህ ሁሉ መንገድና መኪና መካከል የነበራቸው አንድ ደህና ባላጋራ ነበር። እሱን ነው ማሽኑ አሽጎ የወሰደባቸው።

እኔና ቢራቱ ሽምግልና ገባን። ገብረየስ ሊሰማን አልፈለገም።

"እሳቸው ጀምረው ሁሉም ይጠይቀኛል" አለ። "ኪራይ አለብኝ። አከራዩ ለኔ ምን መረቀልኝ? ሁለተኛ ምራቂ የሚል ቃል ከአፋቸው እንደማይወጣ ይማሉ። ያኔ ፎቶውን አነሳለሁ።"

ወደ ወይዘሮ ስመኝ ሄድን። በሩን ከፍተው፣ ቁጭ በሉ ሳይሉን፣ ቆመው ሰሙን።

"ይቅርታ አልጠይቅም።"

"ይቅርታ አላለም። ምራቂ እንዳይጠይቁ ብቻ ነው።"

"ሚካኤልን፣ ቃሉን አላነሳም።"

እንዲህ ቶሎ መማላቸው ሊያጠራጥረን ይገባ ነበር። ደስ ብሎን ወጣን።

በማግሥቱ የባለጎማ ቦርሳው ድምፅ ተሰማ። ፎቶው ተነሥቶ የማጣበቂያው ምልክት ብቻ ቀርቷል። ወይዘሮ ስመኝ ምልክቱን አዩት። አንድ እሽግ ምስር አነሱ፤ ተሰለፉ፤ ከፈሉ፤ ቦርሳቸው ውስጥ አስገቡ። ከዚያ እዚያው ቆሙ።

"ሌላ ምን ልስጥዎት?" አለ ገብረየስ።

"ምንም።"

"እና?"

"እና ምን?"

"ሰው እየጠበቀ ነው።"

"ይጠብቅ። እኔ ቆሜያለሁ እንጂ ምን አልኩ?" ወደ እኛ ዞሩ። "እናንተ ሽማግሎች፣ ጠየቅሁት?"

ቢራቱ ሻዩን ተመለከተ። "አልጠየቁም" አልኩ።

ሲበቃቸው ሄዱ። በማግሥቱም እንደዚሁ ከፍለው ቆሙ። በሦስተኛው ቀን ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ነበር፤ ሰዉ ከሥራ የሚወጣበትን ሰዓት መርጠው ነው የመጡት። ገብረየስ ባንኮኒውን በጣቱ ይመታል። እሳቸው የጣሪያውን መብራት ያያሉ። ከኋላ አንድ ወጣት፣ "ጋሼ በናትህ አንድ ነገር ስጣቸውና እንሂድ፣ ዘግይቻለሁ" አለ። ሌላዋ ቀጠለች፤ "ለአሮጊት አንድ እፍኝ ነገር ይነፈጋል? ደግሞ ሱቅ ከፍቷል።"

የገብረየስ ፊት ከሚሸጠው በርበሬ አይለይም ነበር። ከቅርጫቱ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አንሥቶ ፊታቸው ላይ፣ ባንኮኒው ላይ፣ ጣለው።

"ይኸው። ይውጡልኝ።"

ወይዘሮ ስመኝ አነሱት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፣ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። አልቸኮሉም።

"የበቀለ ነው።"

"ወይዘሮ ስመኝ።"

"የበቀለ ነው አልኩህ። ሚስትህ ይሄን ወደ ቤት ታስገባለች?"

ገብረየስ ነጥቆ ወደ ቅርጫቱ ወረወረው። ሌላ መረጠ፤ ሳያስበው እሱም በጣቱ ጫን አድርጎ አየው፤ ሰጣቸው። ወይዘሮ ስመኝ ተቀብለው አላመሰገኑም። ቦርሳቸውን እየጎተቱ በሰልፉ መካከል ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ወጡ። በሩ ላይ ቆም አሉ።

"አይጥህ ደህና ነው?"

"ነገ እንዳይመጡ" አለ ገብረየስ።

"ነገ ሽሮ ነው የምገዛው" አሉና ሄዱ።