አይረባም ያልኩት ምላጭ

ትናንት የማስተምርበት ትምህርት ቤት አትክልተኛ መቀሱን በእርጥብ ድንጋይ ሲስል አጠገቡ ቆሜ ቀረሁ። ብረትና ድንጋይ በውኃ ሲታሹ የራሳቸው ሽታ አላቸው። ያ ሽታ እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ፣ ክፋር ግቢሮል በሚባለው ሰፈር ወደነበረችው ጠባብ በረንዳችን ይወስደኛል፤ ከኢትዮጵያ በመጣን በሁለተኛው ዓመት።

አባቴ ጎንደር ሳሉ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ወንድሜ በሱዳን በኩል ቀድሞን ስለሄደ ወናፉን የምነፋላቸው እኔ ነበርኩ። እሳቱ እየነደደ ስለ ብረት ጠባይ የሚያጫውቱትም እኔን ነበር። ረሆቮት ከገባን በኋላ ግን ፋብሪካ ጠርገው ይመጡና ዝም ይላሉ።

አንድ ዓርብ ወንድሜ ከጦር ሰፈር ሲመጣ እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ የድሮ ምላጭ ይዞ መጣ። ሱቁን የዘጋ ሽማግሌ ፀጉር አስተካካይ ነው የሰጠው።

«አባ፣ ይድናል ወይስ ልጣለው?» አለ፣ ዕብራይስጥ በተጫነው አማርኛው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ዝገቱ የምላጩ ጀርባ ላይ ከሆነ ግድ የለም፤ ይፈገፈጋል። ስለቱን ከበላው ግን ያን ለማስለቀቅ ሲሞረድ ምላጩ ራሱ ያልቃል። ይህን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። የዚህኛው ስለት ደግሞ በጥቁር ነጠብጣብ ተበልቷል።

«አይረባም አባ፤ ይዩት» አልኩ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» አሉኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው፣ «ይድናል ልጄ። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ።»

ወንድሜ በመጣ ቁጥር ዓርብ ማታ ሰንበት እስኪገባ ሁለቱ በረንዳው ላይ ይቀመጡ ጀመር። አባቴ ይሞርዳሉ፣ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። የብርቱካን አበባ ሽታ ከእርሻው በኩል ይመጣል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሳህን አንኳኳለሁ።

ትምህርት ቤት ፂምን በምላጭ መላጨት በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ ክልክል መሆኑን ተምረን ነበር። ኪፓ፣ የሃይማኖተኞቹን ትንሽ ቆብ፣ የሚያደርገው ወንድሜም ያውቃል። ደረጃው ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«ለምን አትነግራቸውም? በከንቱ ነው የሚደክሙት።»

«ዝም በይ፣ ቅናተኛ! እዚህ አገር ከመጡ እንዲህ ሲያወሩ መቼ ሰማሽ? አትናገሪም፤ እሺ? ቤሰደር?»

እዚህ አገር አልሰማሁም። እዚያ ግን የሚያወሩት ለእኔ ነበር። እሱን ለማን እላለሁ?

በመጨረሻ ምላጩ ተሞርዶ ተሞርዶ ግማሹን አክሎ ቀረ። አባቴ የክንዳቸውን ፀጉር ላጭተው ሞከሩትና «ያላ፣ ቅረብ» አሉት። ወንድሜ አገጩን በእጁ ሸፈነ።

አባቴ ሳቁ። «ፂምህን ማን ነካህ? ሕጉን እኔም ሰምቻለሁ። ማጅራትህን ስጠኝ። ያኔ ወደ ሱዳን ስትሄድ ራስህን ላጭቼ ነው የሸኘሁህ።»

ወታደሩ ወንድሜ አጎነበሰ። አባቴ በግራ እጃቸው ራሱን ደገፍ አድርገው በቀኛቸው ቀስ እያሉ ላጩት። የወንድሜ ትከሻ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አባቴ ምላጩን አንስተው ጠበቁት።

የውኃውን ሳህን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ያን ማጅራት እንዴት ቀናሁበት! ውኃው ሲቀዘቅዝ ማንም ሳያዘኝ ሁለቱን ብቻቸውን ትቼ ላሞቅ ገባሁ፤ ቶሎ እንዳይሞቅም ጋዙን ዝቅ አደረግኩት።