በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል የነበረው ቀዳዳ

ቤሩት ዳር፣ ጃል ኤል ዲብ ላይ በር ጠባቂ ሆኜ ስገባ፣ አረቦቹ «ናጡር» ይሉታል፣ መጀመሪያ ያሳዩኝ በሩን ሳይሆን ቀዳዳውን ነው። የኛን ግቢ ከጎረቤት ሕንፃ የሚለየው ግንብ ላይ፣ ሰው ራሱን ከነትከሻው የሚያሾልክበት ቀዳዳ ነበር። በጦርነታቸው ጊዜ መድፍ የበሳው ነው። ጦርነቱ አልቆ ሁሉም ቤቱን ሲጠግን ይህን ግን አልደፈኑትም። ይጠቅማላ!

እኛ ግቢ አንድ አሮጌ ጄኔሬተር አለ፣ ውሃ የለም። እነሱ ጉድጓድ አላቸው፣ የመንግሥት መብራት ሲጠፋ ፓምፑን የሚያዞርላቸው ግን የለም፤ መብራቱ ደግሞ ከሚኖርበት የሚጠፋበት ይበዛል። ስለዚህ በቀዳዳው ከኛ ወደነሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ይሄዳል፣ ከነሱ ወደኛ የብረት ቧንቧ ይመጣል። እኔ ጄኔሬተሩን ካላስነሳሁ እነሱ ውሃ አይስቡም፤ እነሱ ካልሳቡ የኛ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ደረቅ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የሁለቱ ሕንፃ ሰዎች በየወገናቸው ሲታኮሱ የከረሙ ናቸው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው ከጥርስ አያልፍም። ቢሆንም ማንም ገመዱን አልነካም፣ ማንም ቧንቧውን አልዘጋም። ነገ ገላውን ሊታጠብ የሚፈልግ ሰው ጎረቤቱን ጨለማ ውስጥ አይጥልም።

የወዲያኛው ሕንፃ ናጡር ኤርትራዊ ነው። አሰብ ወደብ ላይ አብረን ጆንያ ተሸክመናል፤ ኋላ በየመርከባችን ወጥተን እዚህ ግንብ ሥር ተገናኘን። አማርኛው ከኔ የጠራ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ እሱ በወዲያ እኔ በወዲህ ድንጋይ ላይ እንቀመጥና ሳህኑን ቀዳዳው አፍ ላይ አድርገን ፉል በዳቦ እንበላለን። አንድ ቀን እሱ ያመጣል፣ አንድ ቀን እኔ። ተራ ነው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ዘይቱን ወዳንተ አታዘንብለው» ይለኛል።

«የዘመመው ግንቡ ነው፤ ግንቡ ደግሞ የናንተ ነው» እለዋለሁ።

ያን ጊዜ የኛ ሕንፃ ሰዎች ደረጃው ላይ እየተቀመጡ ይሰበሰቡ ነበር። ናፍጣ እንዴት ይዋጣ፣ ሊፍቱ መቼ ይቁም፣ በዚህ ሲጮሁ ያመሻሉ። አምስተኛ ፎቅ ያሉት ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት «ሊፍቱ ከቆመ አላዋጣም» ካሉ ነገሩ እዚያው ይቆማል። እኔ ንጉሥ አይቻለሁ፣ ደርግ አይቻለሁ። ተራ ሰው «አይሆንም» ብሎ ነገር ሲያስቆም ያየሁት ግን እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ከዚያ ገንዘብ መጣ። ቤሩት መሀሏ ክሬን በክሬን ሆነ። እኛ ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ላይ የሚኖረው የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ መኪናውን ለወጠ፣ ለሚስቱ ከወሎ አንዲት ሠራተኛ አስመጣ፣ በመጨረሻ ጭነት መኪና የሚያህል ጄኔሬተር ግቢው ውስጥ አስቀመጠ። በሳምንቱ ጉድጓድ አስቆፈረ። ሰዎቹን ደረጃው ላይ ጠራና፦

«ኸላስ! ስብሰባ ቀረ። እኔ አበራላችኋለሁ፣ እኔ አጠጣችኋለሁ። እናንተ ክፈሉ ብቻ» አላቸው።

አንድም ሰው አልተቃወመም። አሮጊቷ እንኳ «መርሲ» ብለው በሊፍቱ ወጡ።

ሦስተኛ ፎቅ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነበር። ሚስቱ ቤት ውስጥ ስለማታስጨሰው ሲጋራውን የሚያጨሰው እኔ አጠገብ ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ ክርክር ይወዳል፣ እኔም አልጠላም።

«ያ አሞ» አለኝ አንድ ቀን፣ በነሱ አጎቴ እንደማለት ነው፣ «እኔ ክፍል ውስጥ የማስተምረው ምን መሰለህ? ሰው ሲጠግብና ሲማር፣ ያኒ፣ ማለቴ ቤትና መኪና ሲኖረው፣ ቀጥሎ የሚያምረው በአገሩ ጉዳይ መናገር ነው። የበለጸገ አገር ላይ አምባገነን አይከርምም። እርስ በርስ የሚነግዱ አገሮችም በቀላሉ አይዋጉም።»

«እዚህ ቤት ግን ሲደኸዩ ይናገሩ ነበር፤ ሲጠግቡ ነው አፋቸው የተያዘው።»

ሳቀ። «መች ጠገቡ? የጠገበው አንድ ሰው ነው። እነሱ ከሱ ሞተር ተንጠልጥለዋል። ሀብት በአንድ እጅ ሲሆንና በብዙ እጅ ሲሆን አንድ አይደለም።»

«እሺ፣ እናንተስ? ባንኩም ሆቴሉም ሞልቶላችሁ አልነበር? አሥራ አምስት ዓመት ተላለቃችሁ።»

ሲጋራውን ረግጦ አጠፋው። «ባንኩ የነበረው ባሕሩ ዳር ነው። ከከተማው ጫፍ ያለው ድሃ ባንክ የሚያየው በአውቶቡስ መስኮት ነበር» አለኝ።

ይህን መልሱን ወደድኩለት። የተማረ ሁሉ ከንቱ አይደለም። ስለ ንግዱ ያለው ግን ከኔ ቀዳዳ ጋር ይገጥማል ብዬ ለራሴ ያዝኩት፣ ለሱ አልነገርኩትም።

ብዙም ሳይቆይ የኛው ጦርነት ፈነዳ። ኢትዮጵያና ኤርትራ ባድመ ላይ ተያያዙ። መምህሩ ጋዜጣውን ይዞ መጣና «ሁለት ድሃ አገሮች ለጭንጫ መሬት!» አለ።

«በድህነት አይደለም» አልኩት። «ድሃማ ድሮም ነበርን፤ አሰብ ላይ አብረን ስንበላ ድሃ ነበርን። መጀመሪያ የአገሮቹ ገንዘብ ተለያየ። ከዚያ ንግዱ ተኮራረፈ፣ ሸቀጡ ድንበር ላይ ቆመ። ጥይቱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። አንዱ ያላንዱ መኖር እንደሚችል ካመነ ለመተኮስ የሚከለክለው ምን አለ?»

ዛሬም ያንኑ እላለሁ።

በዚያ ሰሞን ወዳጄ ፉሉን ይዞ መጣ። ተራው የሱ ነበር። ሳህኑን ቀዳዳው ላይ አስቀመጠና አልተቀመጠም።

«እህቴን ከአዲስ አበባ አስወጧት» አለ። «አንድ ሻንጣ አስይዘው አውቶቡስ ላይ ጫኗት። ተወልዳ ያደገችበት ከተማ ነው።»

«የጀመራችሁት እናንተ ናችሁ» አልኩት።

«እህቴ ናት የጀመረችው?»

«ታንክ ያስገባው ማን ነው?»

«እህቴ ታንክ አላት ወይ ነው የምልህ!»

ሳህኑን አንስቶ ሄደ። ታንክ የገባበት አገር ሰው ነኝና የተናገርኩትን መልሼ አልውጥም። እሱም ስለ እህቱ የተናገረው እውነት ነው። ሁለታችንም እውነት ይዘን ምሳችን ቀረ።

ወሎዬዋ ልጅ ዳቦ ለመግዛት ከላይ ቅርጫት በገመድ ታወርድልኛለች፤ እዚያ አገር ናጡር ገዝቶ ይጨምራል፣ እነሱ ይስባሉ። ብቻዬን ስበላ ታይና ከበረንዳው ትጮህብኛለች፦

«አባባ! ከግንቡ ጋር ነው የሚበሉት? ያጉርሱታ!»

«አንቺ ቅርጫትሽን ሳቢ!»

«የወዲያውን ጋሼን ልጥራልዎት?»

«ያላ፣ ሳቢ አልኩሽ! ማዳምሽ ትሰማለች።»

ሕንፃዎቹም እንደኛ ሆኑ። የትልቁ ጄኔሬተር ጭስ የጎረቤቶቹ መኝታ ቤት ይገባል። ሽማግሌ ላኩ። ተቋራጩ «መስኮታቸውን ይዝጉ» አለ። ድሮ ቢሆን እንዲህ አይልም ነበር፤ ድሮ ውሃቸውን ይፈልግ ነበር። እነሱ ተናደው ግንቡን ከፍ አደረጉት፤ እሱ ገመዱን አስቆረጠባቸው። የራሳቸውን ትንሽ ሞተር ገዙ። በመጨረሻ ተቋራጩ እኔን ጠራኝ።

«ቀዳዳውን በብሎኬት ድፈነው። ቧንቧውንም ነቅለህ ጣለው።»

ደፈንኩት። ሲሚንቶ አቡክቼ፣ ብሎኬት ደርድሬ፣ ለስኜ። ቧንቧውን ግን አልነቀልኩም። ናጡር የሚሠራ ቧንቧ አይነቅልም፤ ይህ የሥራችን ደንብ ነው። አፉን በጨርቅ ወተፍኩና ላዩን ለሰንኩት። ከወዲያም የግንበኛ ማንኪያ ድምፅ ይሰማኛል፤ ወዳጄም በበኩሉ ይለስናል። አላናገርኩትም፣ አላናገረኝም።

ዓመት አለፈ። በጋው ላይ ደቡባቸው ላይ የሚዋጋቸው የጎረቤት አገር አውሮፕላኖች መጥተው የመብራት ማመንጫዎቹን መቱ። ፍንዳታው እስከኛ ድረስ መስኮት አንቀጠቀጠ። መምህሩ ሲጋራ ሳይዝ ወረደ።

«ድልድዩን፣ መብራቱን፣ የተሠራውን ሁሉ» አለ። እኔም ያን ቀን አልተከራከርኩትም። በኛ አገር ጦርነት የሚቃጠለው ጎጆና ክምር ነው፤ የነሱ ግን ያበሩትን ሁሉ ማጥፋት ይችላል። ብልጽግና የሚመታ ነገርም አብሮ ያበዛል።

ትልቁ ጄኔሬተር ያላንዳች እረፍት ሲሠራ ሰንብቶ ነደደ። ጉድጓዱ ደግሞ ቀድሞውኑ ከልክ በላይ ተስቦ የባሕር ጨው ገብቶበት ነበር፤ ሻይ እንኳ አይፈላበትም። ተቋራጩ ቤተሰቡን ይዞ ቆጵሮስ ሄዷል፤ ቤት እንድትጠብቅ ወሎዬዋን ትቷታል። በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤቱ ይሸት ጀመር። ሰዎቹ ሳይጠሩ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣ እንደ ድሮው። አሮጊቷም በእግራቸው ወርደው መሀል ላይ ተቀመጡ።

«እነዚያ ውሃ አላቸው። ሄዶ የሚለምን ማን ነው?» አሉ።

ማን በምን ፊቱ ይሂድ? አንዱ አንዱን ያያል። መምህሩ ወደኔ ዞረ፦ «አሞ፣ የወዲያኛው ናጡር ያገርህ ሰው አልነበር?»

«ጎረቤት አገር ነው» አልኩትና መዶሻዬን አነሳሁ።

በበሩ አልሄድኩም። በበር ልመና ነው። ግንቡን በቦታው ቀጠቀጥኩት፤ ልስኑ ረገፈ፣ ጨርቁን መዘዝኩ፣ ቧንቧው እንደነበረ አለ። አፌን አስጠግቼ ጠራሁ።

ደግሜ ጠራሁ። ከወዲያ የሚቀጠቀጥ ነገር ተሰማ። ከዚያ ድምፁ በብረቱ ውስጥ መጣ፦

«ማነው ግንባችንን የሚያፈርሰው?»

«አታውቀኝም?»

«አውቄሃለሁ። ቧንቧውን ንቀል አልተባልክም ነበር?»

«ተብዬ ነበር። አንተስ?»

«ቁረጠው ተብዬ ነበር። መጋዝ አጣሁ።»

«መጋዝህን አሰብ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ሳቀ፤ ብረቱ ውስጥ ሳቁ ይጮሃል። እኔም የሚመጣውን አውቄ ጠበቅሁ።

«ስለ እህቴ ያልኩትን መልሼ አልውጥም» አለ።

«እኔም ስለ ታንኩ ያልኩትን አልውጥም። እህትህ እንዴት ናት?»

«አስመራ ናት። ደህና ናት። እስካሁን የምታልመው በአማርኛ ነው አሉ።»

«እግዜር ይጠብቃት።»

«አሜን። የውሃ ጎማህን ግጠም፤ የኛ ሰዎች ቢጮሁ ለኔ ተወው። እናንተ ያ ጄኔሬተር ሲጠገን ጭሱን ወደ መንገድ ታዞራላችሁ፣ ዐወቅህ?»

ዞሬ ደረጃው ላይ ያሉትን ጠየቅሁ፤ አሮጊቷ «ይዞራል» አሉ፣ ሌሎቹም «ይዞራል» አሉ። ጎማውን ገጠምኩ። ውሃው እየተንፈቀፈቀ፣ መጀመሪያ ዝገት፣ ቀጥሎ ጥርት ብሎ መጣ። ወሎዬዋ ከላይ «አባባ፣ ታንከሩ እየዘፈነ ነው!» ብላ ጮኸች።

«በል እንግዲህ» አልኩት በግንቡ፣ «ነገ ፉሉን ይዘህ ና።»

«እኔ? ለምን እኔ?»

«ሳህኑን አንስተህ ስትሄድ ተራው የማን ነበር?»

«ዓመት ሆነው እኮ፣ አንተ ሽማግሌ!»

«ይሁን። ተራ ተራ ነው» አልኩት።

በማግስቱ ብሎኬቶቹን አንድ ባንድ አወጣኋቸው፣ ሳህን እስኪያሳልፍ ድረስ። ይዞ መጣ። ዘይቱንም ወደሱ አዘንብሎት ነበር።