በእጄ ያስዋጥኩት ኪኒን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የንስሐ አባቴ ፊት ቆሜ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ ስዘረዝር ይህችን አንዷን ዘልያት ተመልሻለሁ። ለልጄ አልነገርኩም። እናቴም ሳልነግራት አፈር ገባች። እናንተ የምታነቡኝ እነማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ምናልባት የምነግራችሁ ስለማላውቃችሁ ይሆናል።

ወንድሜን አስራትን የገደለው የወፍ በሽታ ነው ይባላል። ገጠሩ ማንኪራም ከተማው ቦንጋም የሚታወቀው እንዲያ ነው። እኔ ግን ምን እንደገደለው አውቃለሁ። ኪኒኑን በየማለዳው መዳፉ ላይ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ። ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እስኪውጠው ድረስ ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ።

አስራት ታናሼ ነው። ማንኪራ ውስጥ ቡና እየለቀመ፣ ንብ እያረባ ከሚስቱ ከጽጌና ከልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። ቀፎ ሊሰቅል ረጅም ዛፍ ላይ ሲወጣ ከታች ያለነው ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ እሱ እዚያ ላይ ሆኖ ያንጎራጉራል። ሳሉ አልለቅ ብሎት ሰውነቱ ሲያልቅ ቦንጋ ወደ እኔ መጣ። እኔ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ ከአንዲት ልጄ ከሜሮን ጋር ነበር የምኖረው። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ አክታው ሲመረመር ቲቢ ተገኘበት። ከማንኪራ በየቀኑ መመላለስ ስለማይችል እኔ ቤት ተቀምጦ መድኃኒቱን እንዲወስድ፣ እኔም እንድከታተለው ተስማማን።

ነርሷ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፤ የእኛን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ አትሰማም። የአስራት አማርኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። ስለዚህ መሐል ሆኜ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሽንቱ ሊቀላ ይችላል፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ አትደንግጡ አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ ጉበት ይጎዳል፤ ምግብ ካስጠላው፣ ካስመለሰው፣ ከሁሉም በላይ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ኪኒኑን አቁመው የዚያኑ ዕለት ይዘውት ይምጡ አለችኝ። እሺ አልኩ። ወደ አስራት ዞሬ ስለ ሽንቱ ነገርኩት። ስለ ጉበቱና ስለ ዓይኑ አልነገርኩትም። ለምን? ኪኒን የሚፈራ ሰው ስለነበረ፣ ሰበብ አግኝቶ እንዳያቋርጥብኝ ብዬ ነው። ለደግ ብዬ ነበር። እስከዚህ ያለውን ይቅር የሚለኝ ይኖር ይሆናል።

ለጎረቤት ጨጓራውን ሊታከም ነው የመጣው አልኩ። በዚያው ሰሞን ሜሮንን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እንደሚላኩ ተነግሮኝ ነበር። የልጁ ቤተሰቦች ከመሐል አገር መጥተው እዚህ ሱቅ ከፍተው የከበሩ ነጋዴዎች ናቸው። እናቱ ገበያ ላይ አግኝታኝ ስለ ዘመዶቼ፣ ስለ ቤቴ ጤና ጠያይቃኛለች። ቲቢ የሚለው ቃል ከቤቴ አይወጣም ብዬ ወሰንኩ።

መጀመሪያ ላይ መድኃኒቱ ተስማምቶት ነበር። ሳሉ ቀነሰ፤ መሣቅም ጀመረ። ከዚያ ምግብ አስጠላው። ከራሱ ቀፎ ያመጣውን ማር ባቀርብለት ሸተተኝ ብሎ ፊቱን አዞረ። ያስመልሰው ጀመር። ቀኝ ጎኑን ደግፎ ሲቀመጥ እያየሁ፣ ቻለው፣ መድኃኒት እንዲህ ነው አልኩት። ሽንቴ እንደ ኮካ ጠቁሯል ሲለኝ የመድኃኒቱ ቀለም ነው ብዬ ዘጋሁት። ነርሷ ያለችኝ ቀይ ነው፤ እሱ ያለኝ ጥቁር ነው። ልዩነቱ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም።

ረቡዕ ጠዋት ኪኒኑን ይዤ ስሄድ ከጓሮ ካለው ክፍል ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝ። የዓይኑ ነጭ የሚባለው ነገር የለም፤ ቢጫ ሆኗል።

«እትዬ፣ ምነው እንዲህ አየሽኝ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። ኪኒኑንም ሰጠሁት።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት እሑድ ነበር። ሆስፒታል ባስገባው ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው ሁሉ ሊጠይቀው ይመጣል፤ የቲቢ ክፍል እንደተኛ ያያል፤ ወሬው ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ልጁ ቤት ይገባል። እሑድ ይለፍ አልኩ። በልቤ ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ሌላ አይደለም። ለወንድሜ ሕይወት ቀጠሮ ሰጠሁ።

ኪኒኑንስ? ሆስፒታሉ ይቅር፣ ኪኒኑን ማስቆም ምን ያስፈራል? እዚህ ላይ ነው ራሴን ስጠይቅ የምታፈነው። አቁም ብለው ለምን ይለኛል። ለምን ካለኝ ሳውቅ ዝም እንዳልኩ ይገባዋል። በእሱ ዘንድ ክፉ ከምባል ኪኒኑን መስጠት ቀለለኝ። ሐሙስ ሰጠሁት። ዓርብ ሰጠሁት። ቅዳሜ ከእጁ አምልጦት ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አንስቼ፣ በነጠላዬ ጠርጌ ሰጠሁት። በመስተዋት ፊቱን አይቶ የወፍ በሽታ ይዞኛል፣ ማንኪራ ቅጠሉን የሚያውቁ ሽማግሌ አሉ፣ ውሰጂኝ ሲለኝ ሰኞ አልኩት።

እሑድ መጡ። አባት ለሌላት ልጅ ሽማግሌ የሚቀበለው አጎቷ ነው፤ አስራት ይህን ቀን ሲጠብቅ ኮቱን አሳጥቦ ነበር። ደክሞሃል፣ ተኛ ብዬ በሩን ዘጋሁበት። የባሌ ወንድም በእሱ ቦታ ተቀመጠ። እንግዶቹን ሸኝቼ ስመለስ ኮቱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ተቆጥቶኝ ቢሆን ምንኛ በተሻለኝ!

«ሰጣችኋት?» አለኝ።

«ሰጠናት።»

«እግዚአብሔር ይባርካት» አለ። ከዚያ በኋላ ቁም ነገር ያለው ቃል ከአፉ አልሰማሁም።

ሰኞ ሲነጋ እኔንም አላወቀኝም። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኩት። ሐኪሙ የዓይኑን ሽፋን ገልጦ አየና መቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው ብሎ ጠየቀኝ።

«ከትናንት» አልኩ።

የሚወስደውን ኪኒን ሳሳየው ነገሩን አስረዳኝ። የቲቢው መድኃኒት ጉበቱን ጎድቶታል፤ ዓይን ገና ቢጫ መሆን ሲጀምር መድኃኒቱ ከቆመ ብዙዎቹ ይድናሉ፤ የእሱ ግን ፈጥኖበታል አለ። ከዚያም ያዘነልኝ መሰለኝ፣ «እርስዎ በጊዜ ነው ያመጡት፤ ራስዎን አይውቀሱ» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። ጅማ ሊልኩት አምቡላንስ ሲያዘጋጁ አስራት ሞተ።

ለቅሶው ላይ እናቴ ሁለቱን እጆቼን ስማ፣ ልጄን ያስታመመ እጅ ይባረክ አለች። ጽጌ ትከሻዬ ላይ ወድቃ አመሰገነችኝ። ሁሉንም ተቀበልኩ። የሜሮን አማትም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቲቢ እንደነበረበት ከሰው ሰምታለች። እኔን ልታጽናና፣ የራሷ ወንድምም በዚሁ በሽታ ታሞ እንደዳነ፣ ይህ ዛሬ የሚያሳፍር በሽታ እንዳልሆነ በቀስታ ነገረችኝ። እንዴት አልጮህኩም? እንዴት ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ አልዋጠችኝም? ያ ሁሉ የደበቅኩት ከማን ነበር?

ሜሮን ተድራ ወልዳለች። የአስራት ትልቋ ልጅ ትዕግሥት ደግሞ ዛሬ እኔ ቤት ሆና ቦንጋ ነርስነት ትማራለች። አክስቴ አባቴን እንዳስታመመች እኔም ሰው ላስታምም ብላ ነው የመረጠችው። ባለፈው ሰሞን ጉበት ስለሚጎዱ መድኃኒቶች ተምራ መጣች። እራት ላይ፣ «አክስቴ፣ የአባዬ ዓይን ቢጫ የሆነው መቼ ነበር?» አለችኝ።

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኗ የአባቷ ዓይን ነው።

«ሆስፒታል ልወስደው ዋዜማው ላይ» አልኳት።

«እንግዲያ ምንም ማድረግ አትችይም ነበር» አለችና እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ።

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታ የሚለምን ሰው ውሸቱን ያቆመ ሰው ነው፤ እኔ አላቆምኩም። ነገም ጠዋት ለዚያች ልጅ ቁርሷን አቀርባለሁ፤ እሷም እጅሽ ይባረክ ትለኛለች፤ እኔም አሜን እላለሁ።