ኤተር ያልሰጠኋት ሴት

አሁንም ድረስ ስለ ጋብቻ ሲወራ «ለመሆኑ ልጅቷ ጤነኛ ናት?» የሚል ቃል ጆሮዬ ከገባ ተነስቼ እወጣለሁ። ያንገሸግሸኛል። ቤተ ዘመድ ኩርፊያ ይመስለዋል፤ ይምሰለው።

በጃንሆይ ዘመን፣ እስቴ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ሐኪም ቤት ረዳት ነርስ ነበርኩ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ቢላው የሱ፣ አስተርጓሚነቱና ማደንዘዣው የኔ። ሥራዬ በሽቦ የተወጠረ ጨርቅ በበሽተኛው አፍና አፍንጫ ላይ ደፍቼ ኤተር የሚባለውን መድኃኒት ጠብ ጠብ ማድረግ ነው። ሲያዩት ቀላል ነው። ልቡ ወይም ሳንባው የታመመ ሰው ከሆነ ግን ተኝቶ በዚያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ እጠይቃለሁ፤ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥርሃል? ተጋድመህ ነው የምትተኛው ወይስ ተደግፈህ? እግርህ ያብጣል? ሳይጠየቅ የሚተኛ አልነበረም።

አንድ ቀን ከጋይንት ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ አመጡ። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ እሷም ልጅ እግር ናት፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። አብረዋት እናቷ፣ ባሏና የባሏ እናት አሉ። ሐኪሙ መረመራትና ልጁ በመንገዱ አያልፍም፣ ሆዷ ተቀድዶ ይውጣ አለ። እኔም መጠየቄን ጀመርኩ።

የሚመልሱልኝ እናቷ ናቸው። ትንፋሽ ያጥራታል ወይ ብል ኧረ የለባትም። ልቧስ? ደኅና ነው። እግሯን ገልጬ በጣቴ ብጫነው እንደ ሊጥ ጎደጎደ። ይሄስ? የመንገድ ድካም ነው አሉኝ። በሰው ትከሻ የመጣች ሴት! ይህን ሲሉ ዓይናቸው እኔን አያይም፤ የሚያየው አማቲቱን ነው።

ያኔ ገባኝ። በኛ አገር ልጅ ስትታጭ ዘሯ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ቁምጥና አለ ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ ተብሎ ይጣራል። ወላጅ «ነውር የለባትም» ብሎ ይድራል፤ ነውር ከተገኘባት ትመለሳለች። ሴትዮዋ የኔን ጥያቄ የሽማግሌ ጥያቄ አድርገውት በዳሩበት አፍ ይመልሱልኛል። ልጃቸው ቢላ ሥር ሆና! አማቲቱ ደግሞ ክንዷን አጣጥፋ መልሱን አንድ በአንድ ትሰማለች። በሬ ሊገዛ ጥርስ የሚያይ ገበሬ እንኳ እንደሷ አያፈጥም። በዕድሜዋ አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ ዛሬም አልላትም።

ልጅቷን በጀርባዋ አስተኛናት። ወዲያው አየር አጥሯት ብድግ አለች፤ ስትስል ደም የቀላቀለ አረፋ ወጣ። አማቲቱንና ባልየውን አስወጥቼ በሩን ዘጋሁና እናቲቱን ይንገሩኝ አልኳቸው። በእመቤታችን ምለው ካዱ። ወይ መአት! መድኃኒቴ ልጅዎን ሊገድላት ይችላል፣ ሌላ መንገድ አለ፣ ግን እውነቱን ልወቅ አልኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ።

«ብነግርሽ ይመልሷታል» አሉኝ።

«ካልነገሩኝ ይቀብሯታል።»

በሹክሹክታ ወጣ። በልጅነቷ መገጣጠሚያዋን አጥብቆ አሟት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ልቧ ይመታባታል፣ እንስራ ይዛ ዳገት የምትወጣው እየተቀመጠች ነው። ካረገዘች ወዲህማ ተጋድማ ተኝታ አታውቅም። በባሏ ቤት ቁጭ ብላ ስታድር ጸሎት ላይ ነኝ ትላቸዋለች፤ እነሱም እንዴት ያለች መንፈሳዊ ምራት አገኘን እያሉ ያመሰግኗት ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሽታ ለሚያስደብቀው ሰው ግን እስካሁን ተረት አልተገኘለትም።

ሐኪሙ ነገሩን ስተረጉምለት ኤተሩን ተይው አለኝ። ተጋድማ ብትተኛ ሳንባዋ ውኃ ይሞላል። በትራስ ተደግፋ፣ የሚቀደደውን ቦታ ብቻ በመርፌ እያደነዘዝን እንሠራለን አለ። ችግሩ ነቅታ መሆኗ ነው። በፊቷ ጨርቅ ጋረድኩ፤ አንድ እጄን ሰጥቻት በሌላው የደም ሥሯን ያዝኩ። መርፌው በደንብ ያልደረሰበት ቦታ ሲነካ ጥርሷን ነክሳ «እመቤቴ» ትላለች እንጂ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ልጁ ወጣ። ወንድ ነው፤ አለቀሰ። ውጭ እልልታው ቀለጠ። የልቧ ምት እየሰከነ መጣ፤ ሐኪሙም ትተርፋለች አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

እልልታው ሲበርድ የአማቲቱ ድምፅ በበሩ ስንጥቅ ገባ። ለካ እኛ ስንሾካሾክ ጆሮዋን ለጥፋ ስትሰማ ኖሯል። ለልጇ ነው የምትነግረው፤ ድምጿን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። ልጁ የኛ ነው፣ አጥቢ አይጠፋለትም አለች። እሷን እናቷ ይዛት ትሂድ፤ በሽተኛ ደብቀው ነው የሰጡን፣ ሽማግሌ ይላክ። ባልየው ምን እንደሚመልስ እኔም ልጅቷም ጠበቅን።

«እሺ» አለ።

እሺ! ሆዷ ገና አልተሰፋም እኮ! አፈር ያስበላህ ብዬ ረገምኩት። መግል አጥቤያለሁ፣ የበሰበሰ እግር ታቅፌያለሁ፣ አቅለሽልሾኝ አያውቅም። እንደዚያ «እሺ» ያንገሸገሸኝ ግን የለም። ሄጄ ልጮህባቸው ብነሳ ልጅቷ እጄን አልለቀቀችኝም። ፊቷን ወደኔ አዞረች፤ እንባ የላትም።

«እቴ፣ አሁንስ በዚያ መድኃኒትሽ ብታስተኚኝ ምን አለበት?» አለችኝ።

ሐኪሙ ከጨርቁ ማዶ ቀና ብሎ ምን አለች አለኝ። አመማት አልኩት። መስፋቱን ቀጠለ።