የአባባ የጤፍ ሂሳብ

ባለፈው ቅዳሜ ጎሮ አንድ እህል ቤት ገብቼ፣ ባለሱቁ ልጅ ነጩንና ቀዩን ጤፍ አንድ ላይ ገልብጦ በአካፋ ሲያገላብጥ ብናኙ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና በዚህ ዕድሜዬ ሰው መሀል እንባዬ እስኪመጣ አስነጠሰኝ። "ይማርዎት እማማ" አለኝ። እኔ ግን አርባ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ አባባ ላይ ተናድጄ ነበር።

አባባ እህል ነጋዴ ነበር። ቤታችን ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ ሳይርቅ ስለነበር አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር መስኮቱ እየተንቀጠቀጠ ወሬያችን ይቋረጣል፤ አባባ ግን ሂሳብ ላይ ከተቀመጠ አውሮፕላንም አያቋርጠውም። ታላቅ ወንድሜ ግርማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል። ያኔ ማትሪክ ወድቆ ቤት የተቀመጠን ወንድ ልጅ ቀበሌው ጠርቶ ብሔራዊ ውትድርና እንደሚልከው ሁላችንም እናውቃለን፣ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም። ግርማን የሚያስቸግረው ሂሳብ ነበርና አባባ፣ "የሂሳቡን ነገር ለእኔ ተዉት" አለ። ምነው ባልተውነው!

በእንግሊዝኛ በተጻፈው የሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ነጋዴ ርካሽ ለውዝ ከውድ ለውዝ ይቀላቅላል። ግርማ ወደ አማርኛ ሲመልስለት አባባ ለውዙን ወዲያው ጤፍ ያደርገውና ክርክሩን ይጀምራል። ነጋዴው ሃያ አምስት በመቶ አትርፎ ሸጠ ከተባለ፣ "መንግሥት ዋጋ በተመነበት እህል ላይ? ይሄ ሰውዬ እስካሁን አልታሰረም?" ይላል፤ የሰውዬው ጉዳይ ሳይጣራ ወደሚቀጥለው መስመር ማለፍ የለም። ቅልቅሉ ላይ ሲደርስማ ጉድ ነው። አንድ ኩንታል ካንድ ኩንታል ጋር ሲቀላቀል ሁለት ኩንታል የሚሆነው እህል ገልብጦ ለማያውቅ ሰው ነው፤ ብናኙ አለ፣ ጠጠሩ አለ፣ ሲሰፈር የሚፈሰው አለ፤ ከኩንታሉ ሁለት ኪሎ ሳትቀንስ ዋጋ ካወጣህ ከስረሃል ማለት ነው።

"አባባ፣ ጥያቄው እኮ ጠጠር አለው አላለም!" እላለሁ እኔ ከጓዳ በር ላይ፣ ደሜ ፈልቶ።

"ጠጠር የሌለው ጤፍ አሳዪኝና አምንሻለሁ።"

ግርማ ይስቃል፣ ሞኝ! የእነሱ መልስ መጽሐፉ ጀርባ ካለው መልስ ጋር አንድ ቀን እንኳ ገጥሞ አያውቅም፤ አባባን ደግሞ የሚገርመው መጽሐፉን የጻፈው ሰው እስካሁን እንዴት ሳይከስር እንደቆየ ነው። ግርማን ለብቻው ይዤ፣ "በሞቴ፣ ፈተናው ላይ መጽሐፉ እንዳለው ሥራ" ብዬ ለምኜዋለሁ። እሺ አለኝ። እሺ ማለት ይችልበት ነበር።

ፈተናውን ጨርሶ እየሳቀ መጣ። የቅልቅል ጥያቄ ወጥቷል፣ ከምርጫዎቹ የመጨረሻው "መልሱ አልተሰጠም" ይላል፤ ግርማም የአባባን ሁለት ኪሎ ቀንሶ ሲያሰላ አንዱም አልገጥም ቢለው እሱን አጥቁሮ ወጣ። አባባ ከደስታው ብዛት ተነስቶ ግንባሩን ሳመው። እኔ የያዝኩትን ሰሃን አስቀምጬ ወደ ግቢ ወጣሁ፣ አለዚያ እሰብረው ነበር።

ውጤት ሲመጣ ግርማ ለጥቂት ወድቋል። በዚያ ጥያቄ ይሁን በሌላ የሚያውቅ የለም። ብዙም ሳይቆይ ወሰዱት። ወደ ሰሜን ዘመተ፣ አልተመለሰም።

የእኔ ማትሪክ ሲደርስ ያንኑ መጽሐፍ ይዤ አባባ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሂሳቡን አጥቼው አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው። ስለ ብናኙ እንዲጨቀጭቀኝ፣ እኔም እንድበሽቅ፣ እቤታችን የሰው ድምፅ እንዲሰማ ነው። የቅልቅሉን ጥያቄ አውጥቼ ለውዙን ራሴ ጤፍ አደረግኩለትና፣ አንድ ኩንታል ካንድ ኩንታል ጋር ቢቀላቀል ብዬ ጠየቅኩት።

"ሁለት ኩንታል" አለ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ።

"ብናኙስ አባባ? ጠጠሩስ?"

"መጽሐፉ እንዳለው ሥሪ፣ ልጄ።"

ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ እንዲሸነፍልኝ ስመኝ ኖሬ፣ ሲሸነፍልኝ መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ።