ጥለቱ ወደ አንገት የተሰፋው ቀሚስ

ዜናውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። አንዲት የታወቀች የአዲስ አበባ ዲዛይነር በየከተማው ቅርንጫፍ ካለው የልብስ መደብር ጋር ተስማምታ፣ ባለጸጎች ብቻ ይለብሱት የነበረውን የሐበሻ ቀሚሷን በፋብሪካ ጨርቅ አሠፍታ በርካሽ ለገበያ አቀረበች። ጥለቱ የታተመ እንጂ የተሸመነ አይደለም። ይህን ሁሉ ጠይቄና አረጋግጬ ጻፍኩ፤ ፎቶውንም አብሬ አወጣሁ።

ቡሬ ወዳለው ቅርንጫፍ የሄድኩት ግን ለእናቴ ስል ነው። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፏል። ሙት ዓመቱ ከወጣ በኋላ ዘመድም የንስሐ አባቷም "ይበቃሻል" ቢሏት ጥቁሯን አላወለቀችም። የታናሽ እህቴ ሠርግ ደግሞ ደርሷል። እህቴ ደውላ፣ "እማ በጥቁር ከተቀመጠች የኔ ሠርግ ሳይሆን የአባዬ ለቅሶ ነው የሚሆነው" ብላ አልቅሳብኛለች።

ነጠላው ትከሻው ላይ ተሰፍቶ የተያያዘውን ቀሚስ መረጥኩ። "አይንሸራተትም፤ ለእናቶች ይመቻል" አለችኝ ሻጯ።

ከቡሬ ፍኖተ ሰላም መጥቼ ወደ መንደራችን ባጃጅ ያዝኩ፤ እስከ ወንዙ አደረሰኝ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። እናቴ ከጎረቤታችን ጋር ደጅ ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ቀሚሱን ሳወጣ እናቴ ቀና ብላ አየችውና ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።

"እስቲ ልበሺው፤ ልጁን አታሳዝኚው" አሏት ጎረቤታችን።

እጇን ታጥባ፣ ለእኔ ስትል ከጥቁሩ ላይ ደረበችው። የነጠላው ጥለት አንገቷን ዙሪያውን ከበበው።

"በስመ አብ! ደግሞ ማን ሞተ?" አሉ ጎረቤታችን።

ያኔ ነው ያየሁት። በእኛ አገር ጥለት ወደ አንገት የሚወጣው ለሐዘን ነው፤ በደህና ቀን ታች ይወርዳል። ዲዛይነሯ ለውበት ብላ ላይ አድርጋዋለች። እኔ ይህን እያወቅኩ ያደግኩ ሰው ፎቶውን አውጥቼ፣ ገዝቼ፣ ተሸክሜው መጣሁ።

"ይቅርታ እማ፤ እመልሰዋለሁ" አልኩ።

"አንተ፣ የሰው አገር ወሬ ስታጣራ ትውላለህ፤ ይቺን የሚነግርህ ጠፋ?"

"ምን ያድርግ፣" አሉ ጎረቤታችን፣ "የለቅሶ ልብስሽ አርጅቶበት አዲስ ገዛልሽ እንጂ!"

እናቴ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይኗን በክንዷ እስክትጠርግ ሳቀች። ያን ሳቅ ከአባቴ ቀብር ወዲህ አልሰማሁትም።

"ምላጭ አምጣልኝ" አለችኝ።

ቀሚሱን አውልቃ ጭኗ ላይ ዘረጋችና ስፌቱን ክር በክር ፈታችው። ነጠላው ሲለቅ ሁለቱንም ይዛ ወደ ቤት ገባች። ቆየች።

ስትወጣ ጥቁሩ ከሥር አልነበረም። ጥለቱ ታች፣ እግሯ አጠገብ ወርዷል።

"እንዲህ ነው የሚለበስ" አለችኝ።

ጎረቤታችን ለእልልታ አፋቸውን ከፈቱ። እናቴ እጇን አነሳች።

"ቆይ እህቴ፣ ለሠርጉ አቆዪው።"