ድንቡሼ አራተኛ ፎቅ ሲገባ

ሙደሲር ሰው ቢያገባም ቢሞትም ሥራ አያጣም። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሠርግ ጥሪ፣ የምረቃ ባነር፣ የሙት ዓመት ካርድ ያዘጋጃል። ደንበኛው ሁሉ «ልዩ ነገር ሥራልኝ» ብሎ ይመጣና የጎረቤቱን ካርድ ከኪሱ አውጥቶ «እንደዚህ» ይላል። ስለዚህ ሙደሲር ጉልምስናውን የሠርግ ካርድ ላይ ያሉ ሁለት እርግቦችን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያዛውር አሳልፏል። ቤቱ ሲገባ ግን ጠፈር ይስላል፤ መንኮራኩር፣ ሦስት ጨረቃ ያላት ፕላኔት፣ ሰንጋ ተራ ሕንፃዎች መሀል የሚያርፍ ባዕድ ፍጡር።

ባለቤቱ ጀነት «የሰው ባል ዳቦ ይዞ ይገባል፤ የኔው ማርስን ይዞብኝ ይመጣል» ትለዋለች።

የሚኖሩት ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመጨረሻው አራተኛ ፎቅ ደግሞ እትዬ ወለተሰንበት ብቻቸውን ይኖራሉ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ደረጃ መውረድ ትተዋል፤ ሊፍት የሚባል ነገር ለብሎኩ አልታሰበለትም። አስቤዛቸውን የምታደርስላቸው ጀነት ናት። የቀረው ጎረቤት ደረጃው ሥር ያገኛትና «እትዬ እንዴት ናቸው? ሰላም በይልኝ» ብሎ ሰላምታውን ከሽንኩርቱ ጋር ያስጭናታል። ይኸው ጀግና ሕዝብ ነው እንግዲህ ሰው ሲሞት አስከሬን ለማውረድ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚሽቀዳደመው። በሕይወት ላለ ሰው ሲሆን ጉልበቱን ያመዋል።

አንድ ቀን ጀነት አስቤዛ አድርሳ ተመለሰችና ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«በሩን ከፍተው ሊያናግሩኝ ቢሉ ድምፃቸው አልወጣ አላቸው» አለች። «አሞዎት ነው ወይ ብላቸው፣ ከሰኞ ጀምሮ ሰው አላናገሩም ለካ።»

ሙደሲር እርሳሱን አነሳ።

መጀመሪያ የሳለው የጠፈር ወራሪ ጥርሱ እንደ መጋዝ ነበር። ጀነት አይታ ሳቀች። «ይሄን ማን ቤቱ ያስገባዋል? እውነተኛ ክፉማ በር የሚያስከፍት ፊት ነው ያለው።»

ሙደሲር ጥርሱን አጠፋና ጉንጭ ሰጠው። ዓይኑን አተለቀለት፤ እግሩን እንደ ጫጩት አቀጠነው። ስሙንም ድንቡሼ አለው። ድንቡሼ ከሩቅ ኮከብ የመጣ ብርሃን በሊታ ነው። በር አንኳክቶ «በረደኝ፤ ከመብራታችሁ ትንሽ ልሙቅ?» ይላል። እንግዳ በብርድ አይመለስምና ያስገቡታል። አምፖሉ ይደበዝዝና ድርግም ይላል። ድንቡሼ ትንሽ ወፈር ብሎ ወደሚቀጥለው በር ያልፋል።

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያው ሥዕል መግቢያው ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛው አንደኛ ፎቅ፣ ሌላው ከዚያ በላይ፣ እንዲህ እያለ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። እዚያ ከሥዕሉ ሥር «መጨረሻው እትዬ ወለተሰንበት ቤት፣ ከውስጥ ነው። አንኳኩ» ተብሎ ተጽፏል።

ልጆቹ ወጡ። እናቶች «ልጄን ፍለጋ ነው» እያሉ ተከተሉ። ቀጥሎ ቁም ነገረኞቹ ወንዶች፣ እንዲህ ያለ የልጅ ጨዋታ እንደማይመለከታቸው በየፎቁ እየተናገሩ ወጡ። እትዬ የመጨረሻውን ሥዕል ከወንበሩ ትይዩ አሰቅለውታል፤ ያልተቀመጠ ሰው በደንብ አያየውም።

የምድር ቤቱ ባለሱቅ አብዱሰመድ «እኔ አይቼ ልውረድ እትዬ፤ ሱቁን ክፍት ትቼ ነው» አላቸው።

«ውረድ፣ ማን ያዘህ። ሻዩ ግን ተቀድቷል።»

በየሳምንቱ በአዲስ ሥዕል እንዲህ ሆነ። ድንቡሼ የስንቱን ቤት አጨለመ፤ ተመልካቹ ግን «ሲያሳዝን» ይላል። ይህ ሕዝብ ጉንጭ ያለው ጠላት ካገኘ ቁልፉን አውጥቶ ይሰጣል።

ይህን ሁሉ ያበላሸው የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ዮፍታሔ ነው። ዮፍታሔ በስብሰባ ያደገ ሰው ነው፤ ቢያስነጥስ እንኳ ነዋሪውን ወክሎ ነው። ሥዕሎቹን በሙሉ በስልኩ አነሳና «ነዋሪው ደረጃ በመውጣት እንዳይደክም ኮሚቴው የመጨረሻውን ሥዕል እነሆ ብሏል» ብሎ የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈ። ምስጋናው ጎረፈለት። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው አደረገ። አብዱሰመድ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ በስልኩ አየ። እትዬ ቤት ማንም አላንኳኳም፤ የቀዱት ሻይ ቀዝቅዞ ጀነት አገኘችው።

ሙደሲር ዮፍታሔን ግቢው ውስጥ አገኘውና አስቆመው።

«አቶ ዮፍታሔ፣ እባክዎ ሥዕሉን ግሩፕ ላይ አያውጡብኝ።»

«እንዴ ሙደሲር፣ እያስተዋወቅኩህ እኮ ነው። አሁን ሁሉም ቁጭ ብሎ ያየዋል።»

«ቁጭ ብሎ እንዲያየው አይደለም የሰቀልኩት።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

እትዬን ሰው እንዲጠይቃቸው ነው ብሎ መናገር ይችል ነበር። ነገር ግን ይህ ከአፉ በወጣ በሰዓቱ ግሩፑ ላይ «አረጋዊት እናታችንን እንጎብኝ» የሚል ጥሪ ይወጣል፤ ዮፍታሔም ባነር ያሠራል። እትዬ ደግሞ ሰው ለምጽዋት ብሎ ከሚጠይቃቸው ብቻቸውን መቀመጥ የሚመርጡ ሴት ናቸው። ሙደሲር «እንዲያው ነው» አለና ትቶት ሄደ።

ዓርብ ዕለት ባዶ እጁን አራተኛ ፎቅ ወጣ።

«እትዬ፣ የዚህን ሳምንት ታሪክ መጨረሻ መሳል አቃተኝ። የሳልኩት ሁሉ ፎቶ ይነሳል።»

«ለምን እኔ ቤት እንደምትሰቅለው የማላውቅ መሰለህ?» አሉት።

ሙደሲር አቀረቀረ።

«ቀና በል ልጄ። ጉልበቴ ነው እንጂ ዓይኔ አልደከመም። ግድግዳ የጠፋብህ ሰው እንዳልሆንክ የመጀመሪያው ቀን ነው የገባኝ። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። አሁን መጨረሻውን አትሳለው። እኔ እነግራቸዋለሁ። አፌን ፎቶ ያንሳው እስቲ።»

በማግስቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ድንቡሼ እጁን አንስቶ የአራተኛ ፎቅን በር ሊያንኳኳ ሲል የሚያሳይ ሥዕል ተለጠፈ። ከሥሩ «የቀረውን እትዬ ይናገራሉ» ይላል።

ጎረቤቶቹ ወጡ። እትዬ ለልጆቹ አምፖሉን ፈትተው ብብታቸው ሥር እንደ ደበቁት ነገሯቸው። ለአብዱሰመድ፣ ድንቡሼን ዳቦ እንዳለማመዱትና ብርሃን መብላት እንደተወ አወሩለት። ዮፍታሔ ድምፅ ሊቀርጽ ስልኩን ደግኖ ገባ።

«ስልክህን አስቀምጥና መጀመሪያ ያንን ባልዲ ውሃ ሙላልኝ» አሉት። ሞልቶ ሲቀመጥ «ድንቡሼማ የብሎክ ኮሚቴ ሆኖ ተመረጠ» አሉት። ዮፍታሔ ይህን ለግሩፑ አላስተላለፈም።

ደረጃው ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ። ሁሉም የሰማው ሌላ ነው። እውነተኛውን ለማጣራት እሑድ ተመልሰው ወጡ፤ እትዬም ለእያንዳንዱ ሌላ ጨመሩለት።

አመሻሽ ላይ ሰዉ ወርዶ ሲያልቅ ሙደሲር ገባ። ለሚቀጥለው ሳምንት መሳል አለበት፤ የራሱ ፍጡር የት እንደ ደረሰ ግን አያውቅም።

«እትዬ፣ የትኛውን ልያዝ?»

«የእነሱን ተወው። ላንተ እውነቱን ልንገርህ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አስገባሁት። መብራቴን በላው፤ ጨለመ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ለካ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም፤ እያጠፋ ወደሚቀጥለው በር ነበር የሚሄደው። ከእኔ በላይ ደግሞ በር የለም።»

«ታዲያ አላስወጡትም?»

«በጨለማ የት ይሄዳል። አሁን ሶፋው ላይ ተኝቷል፤ ቀስ ብለህ ተቀመጥ።»

ሙደሲር ለድንቡሼ ቦታ ትቶ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ።